የተሸላሚው እናት

በኛ ሰፈር ሰው ተሸለመ ሲባል መጀመሪያ የሚጠየቀው «ምን ሠርቶ?» ነው። ሎተሪ ከሆነ ዕጣ ነው፤ ሹመት ከሆነ ደጅ ጥናት ነው፤ ሜዳሊያ ከሆነ ኮሪያ የዘመተ ሰው ነው። የእትዬ ወለተ ጊዮርጊስ ልጅ ግን ዕጣ አልቆረጠ፣ ደጅ አልጠና፣ ጠመንጃ አልጨበጠ። ፈረንሳይ አገር ቁጭ ብሎ አሰበ፤ ስላሰበ ሸለሙት። ይህን ለድሬዳዋ፣ ለከዚራ ሰፈር ሰው ማስረዳት ቀላል እንዳይመስላችሁ።

እኔ ወይንሸት እባላለሁ፤ ልብስ ሰፊ ነኝ። ከእትዬ ወለቴ ጋር በአንድ ግቢ፣ በአንድ ግድግዳ ብቻ ተለይተን ብዙ ዘመን ኖረናል። ባሏ አቶ ተሰማ የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ ነበር፤ ልጃቸው ነፍስ ሳያውቅ ባሏ ሞተባት። አንድ ልጇን ወልደጻድቅን የባቡር ሠራተኞችን ልብስ እያጠበች አሳደገችው። ልጁ ከትንሽነቱ ጀምሮ ወረቀት ከእጁ አይለይም ነበር፤ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» እያልን እንስቅበት ነበር። እሱ ግን የፈረንሳዮቹ ትምህርት ቤት ገብቶ አንደኛ ወጣ፤ ጅቡቲ ወርዶ መርከብ ተሳፈረ፤ ሳቁ እኛው ላይ ቀረ።

ከሄደ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ተመልሶ አይታዋለች። ያን ጊዜ «ሥራህ ምንድነው ልጄ?» ብላ ብትጠይቀው፣ ብረት እጅግ ሲበርድ ሙቀት በውስጡ እንዴት እንደሚተላለፍ አሰላለሁ አላት። «በምን?» ብትለው «በእርሳስ» አላት። እኔም እዚያው ተቀምጬ ነበር፤ ከሳቁ በቀር የገባኝ ነገር የለም። እሷ ግን ሁሉም እንደገባት ሰው ራሷን እየነቀነቀች ሰማችው።

የሽልማቱ ወሬ የመጣው በገና ሰሞን ነው። ይዞት የመጣው ዐብዱላሂ ነው፤ የወልደጻድቅ አብሮ አደግ፣ የዐስሊ ልጅ። ዐስሊ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ፣ መጋላ ሰፈር ውስጥ የጨርቅ ሱቅ ያላት ሱማሌ ናት፤ ሁለቱ ልጆች በሁለቱም ቤት እየዋሉ ነው ያደጉት። ዐብዱላሂ አሁን በባቡሩ መሥሪያ ቤት የፈረንሳይኛ ጸሐፊ ሆኗል። በሩ ላይ ቆሞ፣ ቆቡ ወድቆበት፣

«እማማ! አንድ ትልቅ የሳይንስ ማኅበር ለወልዴ ሜዳሊያ ሰጠው አቦ! ፈረንሳይ ውስጥ! ስሙ በራዲዮ ተነበበ!» ብሎ ጮኸ።

እትዬ ወለቴ እጇ ሳሙና እንደሆነ እልል አለች። እልልታዋ ከግቢ ወጥቶ ሰፈሩን ሰበሰበው።

«ምን ሠርቶ ነው?» አለ የእድራችን ዳኛ፣ እንደ ወጉ።

«አስቦ» አለች እትዬ ወለቴ።

«አስቦ ማለት?»

«ሌሎቹ በመሣሪያ ይሠራሉ። የኔ ልጅ መሣሪያ አይነካም። እንዲህ መሆን አለበት ብሎ በወረቀት ላይ ያሰላል። ኋላ ባለመሣሪያዎቹ ሲሞክሩት እሱ እንዳለው ሆኖ ተገኘ።»

«ደብተራ ነው በይኛ!» አለ አንዱ፤ ግቢው በሳቅ ተሞላ።

«ጠንቋይ ይገምታል፤ የኔ ልጅ ያሰላል!» ብላ ተቆጣች። ከዚያን ቀን ወዲህ ይህን ንግግር በቃሏ ይዛ፣ ለአትክልት ሻጯም ለንስሐ አባቷም ስትደግመው ሰማኋት። አምሮባት ነበር። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ በዚያ ሰሞን ዕድሜዋ ወደ ኋላ ሄዶ ነበር።

ጥምቀት በዋለ በማግስቱ ዐብዱላሂ እንደገና መጣ። በዚህ ጊዜ ወደ እሷ በር አልሄደም፤ ወደ እኔ ገባ። ፊቱን ሳየው የስፌት መኪናዬን አቆምኩ። ወልደጻድቅ ሞቷል። የዚያ አገር ብርድ ሳንባውን ጎድቶት ኖሮ፣ ለእናቱ ሳይናገር ሆስፒታል ተኝቶ ኖሮ፣ ሜዳሊያውን ሳይቀበል ሞቶ እዚያው ተቀብሯል። ማኅበሩም ሜዳሊያውን በእናቱ እጅ ለማኖር ሰው እንደሚልክ ለአውራጃው ገዥ አስታውቋል።

ከግድግዳው ወዲያ እትዬ ወለቴ እያንጎራጎረች ልብስ ትጨምቃለች። እኔ ድምፄ እንዳይሰማ የማላውቀውን ሰው ሸሚዝ አፌ ውስጥ ጎስጉሼ አለቀስኩ።

መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። ገና ሳይነጋ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ቀድሞ ይሄዳል። ብቻውን ላለ ሰው፣ ለታመመ ሰው፣ ከቤቱ ውጭ ላለ ሰው አይነገርም። ወጉ ክፉ አይደለም፤ እኔም የባሌን ሞት የተረዳሁት በዚሁ ወግ ነው፤ ደግፈው ይዘውኝ ነበር። ስለዚህ የእድሩ ዳኛ፣ የንስሐ አባቷና ሌሎችም ሽማግሌዎች እኔ ቤት በር ዘግተው ሲመክሩ አልከፋኝም። ወንድሟ ከቡልጋ እስኪደርስ ይቆይ ተባለ። ልቧ ደካማ ነው፤ ሐኪሙ እንዳትደነግጥ ብሏል ተባለ። ይህ ሁሉ ደግ ነው። ኋላ ግን ዳኛው ጉሮሮውን ጠረገና፣

«ሽልማቱን ትቀበል» አለ። «ገዥው ባሉበት፣ ከተማው እያየ ክብሯን ትቀበል። ዕድሜዋን ሙሉ የሰው እድፍ ስታጥብ ኖራለች፤ አንዲት የደስታ ቀን አንንፈጋት። በማግስቱ ማለዳ እናረዳታለን።»

ዐስሊ ከልጇ ጋር መጥታ ጥግ ላይ ተቀምጣ ነበር። ተነሥታ ቆመች።

«ወላሂ እናንተ ሰዎች! በእኛ ሰው ሲሞት በዕለቱ ይነገራል። አላህ የወሰደውን እናንተ ምን ሆናችሁ ነው የምትደብቁት? እናት ናት አቦ! ልጇ አፈር ገብቶ እሷ ትጨፍር?»

«የእናንተ ወግ የእናንተ ነው፣ ዐስሊ» አላት ዳኛው።

«ይሄ ወግ አይደለም፤ ሐቅ ነው።»

እኔም «እውነቷን ነው፤ ወንድሟ እንደመጣ ይነገራት፤ ሽልማት አይጠበቅ» አልኩ። «አንቺ ደግሞ ሆድሽ አይችልም፤ አፍሽን ያዢ» ተባልኩ። ሽማግሌ አንዴ ከቆረጠ የሴት ቃል ከነፋስ አይቆጠርም። አባም ወሬው ከዚያ ቤት እንዳይወጣ መስቀላቸውን አንሥተው ገዘቱን። ዐስሊን ግዝት አያስራትም፤ እሷን ያሰራት ልጇ ነው። «ሀዬ፣ እሺ፣ ንገሪያት፤ ልቧ ቀጥ ቢልስ? ኋላ ምን ልትይ ነው?» ብሎ እግሯ ላይ ወደቀ።

ምስጢር ይጠበቃል የተባለው ድሬዳዋ ውስጥ ነው እንግዲህ! ሳምንት ሳይሞላ ከእሷ በቀር ያላወቀ አልቀረም። ሱቅ ስትገባ ወሬ ይቆማል። ጎረቤት እንኳን ደስ ያለሽ ሊላት ይመጣና ግማሹን ተናግሮ ይወጣል። ቀፊራ ገበያ ውስጥ አንዲት የማታውቃት ሴት እቅፍ አድርጋ ሳመቻትና ሳትናገር ሄደች። እሷ ይህን ሁሉ ፈገግ ብላ ታያለች።

ሜዳሊያው እዚሁ በገዥው ፊት እንደሚሰጥ ብቻ ተነግሯት ነበርና፣ ለበዓሉ አዲስ ቀሚስ ያስፈልገኛል አለች። ጨርቁ ከዐስሊ፣ ስፌቱ ከእኔ። ደቻቱ ደርቆ ስለነበር በአሸዋው ላይ ተሻግረን መጋላ ገባን። ዐስሊ ስታየን ከወንበሯ ተነሣች፤ ተመልሳም ተቀመጠች።

«ነጭ ስጪኝ፤ ከነጭም ደህናውን» አለቻት እትዬ ወለቴ።

«ነጭ አልቋል።»

«ይኸው ከጀርባሽ አይደለም እንዴ?»

ዐስሊ ዞራ ጣቃውን አዲስ ዕቃ እንደምታይ አየችው። አውርዳ ለካች። ያቺ ጨርቅ ስትቆርጥ ዓይኗን ጨፍና የምትቆርጥ ሴት መቀሱ ጠመመባት፤ እንደገና ጀመረች።

«ለወልዴም ለኮት የሚሆን ወፍራም ጨርቅ አሳዪኝ» አለች እትዬ ወለቴ። «ያለበት አገር ብርድ ነው።»

ዐስሊ መቀሱን አስቀምጣ ወደ ጓዳ ገባች። «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» ስትል ከመጋረጃው ወዲህ ሆኜ ሰማኋት። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቶ ነበር፤ አቧራ ነው አለች። ወፍራሙን ጨርቅ ግን አላሳየቻትም፤ «እሱን ኋላ» ብላ ሸኘችን።

የዚያን ዕለት ቆረጥኩ። ግዝቱንም አፍርሼ ቢሆን እነግራታለሁ አልኩ። ቀሚሱን ልለካት ቤቴ መጣች፤ በሩን ዘጋሁ፤ መርፌዎቹን ከአፌ አወጣሁ።

«እትዬ ወለቴ፣ አንድ የምነግርሽ ነገር አለ።»

እጇን ብድግ አድርጋ አፌ ላይ ጫነችው።

«አትንገሪኝ። አውቄዋለሁ።»

እጇን ከአፌ አወረድኩ። «ታውቂዋለሽ?»

«እንዴት አላውቀው? እናት አይደለሁም? ስገባ ወሬ ታቋርጣላችሁ። ዐብዱላሂ ዓይኔን አያየኝም። ዐስሊ ጓዳ ትገባለች። አባ እንኳ ሲባርኩኝ ድምፃቸው ይንቀጠቀጣል።» ወደ ጆሮዬ ተጠጋች። «ልጄ ሊመጣ ነው። ሳላስበው ከፊቴ ልታቆሙት ነው፤ አይደል?»

እሷ እንደሆነ ዝምታዬን ለራሷ ተረጎመችው።

«ባይመጣ ሽልማቱ ድሬዳዋ ምን ሊሠራ ይመጣል? ካባ የሚለብሰው ተሿሚው ራሱ ነው፤ እጅ ነሥቶ የሚቀበለው ራሱ ነው። ለእናት የሚላክ ሹመት የት አገር ታይቶ ያውቃል? ሁለትና ሁለትን መደመር ለእሱ ብቻ የተሰጠ መሰላችሁ!» ሳቀች። «አልጋውን አንጥፌለታለሁ። ብቻ እንዳትነግሪኝ፤ ድካሙን ከንቱ አታድርጊበት። እንዳላወቀ እሆንለታለሁ። በባቡር ነው የሚመጣው? አይ፣ አይ፣ አትንገሪኝ!»

እንደዚያው መርፌ የተሰካበትን ቀሚስ እንደለበሰች ትቻት ወደ ዳኛው ቤት ሮጥኩ። ነጠላዬን አልያዝኩም።

«ልጇን ትጠብቃለች!» አልኩት ደጁ ላይ። «ትሰማለህ? በዓሉ ላይ ልጇን ነው የምትጠብቀው!»

ፊቱ ተለወጠ፤ ይህን አላሰበውም ነበር። «ገዥው ቀን ቆርጠዋል፤ ፈረንጁ አዲስ አበባ ገብቷል፤ ነገ በባቡር ይደርሳል» አለ። «ወንድሟም መንገድ ላይ ነው። አንድ ቀን ብቻ ነው የቀረው፣ ወይንሸት፤ ታገሺ።» ሰው ጨካኝ ሆኖ ብቻ አይጎዳም፤ ደግ ሆኖም ይጎዳል። እኔ ግን ያን ዕለት ደግነቱ አልታየኝም፤ ተሳድቤ ወጣሁ። ወደ እሷ ተመልሼ ግን ያን ደስታዋን በአፌ ለመግደል ድፍረት አጣሁ።

ፈረንሳዊው እንግዳ ሽበታም፣ ቀጭን ሰው ነበር፤ የወልደጻድቅ አስተማሪ ኖሯል። ባቡር ጣቢያ የተቀበለው ዐብዱላሂ ነው። እናቲቱ እንዳልሰማች ሲነግረው ሰውዬው ሻንጣውን መሬት አስቀመጠ አለኝ። ከዚያ «ስለ ሥራው ብቻ እናገራለሁ፤ ሞተ የሚል ቃል ከአፌ አይወጣም» ብሎ ቃል ገባ። ቃሉንም ጠበቀ፤ እሱን ልወቅሰው አልችልም።

በዓሉ የተደረገው የባቡር ሠራተኞች በሚሰበሰቡበት አዳራሽ ነው። ገዥው ከፊት ተቀመጡ፤ ፈረንሳዮቹ የባቡር አለቆች በአንድ ወገን፣ የእድራችን ሰዎች በሌላው ወገን፤ ዐስሊ ከኋላ፣ በሩ አጠገብ። እትዬ ወለቴ ነጯን ለብሳ፣ ፀጉሯን ተሠርታ፣ ከመጀመሪያው ረድፍ ተቀመጠች። የዳኛው ሚስት አጠገቧ ልትቀመጥ ስትል «ሰው አለው» ብላ ወንበሩ ላይ መሐረቧን አኖረች። ሴትዮዋ እያለቀሰች ከኋላ እኔ ጋ መጥታ ተቀመጠች።

እንግዳው ተናገረ፤ ዐብዱላሂ ተረጎመ። ወልደጻድቅ ሐሳቡን መጀመሪያ ሲያቀርብ ትልልቆቹ ሊቃውንት አልተቀበሉትም አለ። ማንም በዓይኑ ሊያየው የማይችለውን ነገር በእርሳስና በወረቀት ብቻ ደረሰበት አለ። ቆይቶ ሦስት ቦታ ተሞከረ፤ ሦስቱም ቦታ እሱ ያለው ሆነ። ከሊቃውንቱ መካከል በመጀመሪያ ተሳስቻለሁ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ይህን ለእናቱ በአፌ ልነግር ነው የመጣሁት አለ። እትዬ ወለቴ ወደ ኋላ ዞር ብላ «አላልኳችሁም?» በሚል ዓይን አየችን። ጭብጨባው ሲበረታ ግን እጇ አያጨበጭብም፤ ቀሚሷን እያስተካከለች ታዳምጣለች። የምታዳምጠው ደጁን ነው።

እንግዳው ንግግሩን ጨረሰ። ሜዳሊያው ያለበትን ሳጥን ያዘ። ነገር ግን ወዲያው አልሰጣትም። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ዝም ብሎ ቆመ። ለካስ በእነሱ አገር የሞተ ሰው የሚከበረው እንዲህ ነው፤ የገባሁትን ቃል አላፈረስኩም ብሎ ነው። ፈረንሳዮቹ ወዲያው ተነሡ። ገዥውም ገብቷቸው ተነሡ። ገዥ ተነሥቶ ማን ይቀመጣል? አዳራሹ በሙሉ ተነሥቶ ቆመ፤ ትንፍሽ የሚል ጠፋ።

በእኛ አገር ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ከተነሣ የተከበረ ሰው ገብቷል ማለት ነው። የተቀመጠው ብድግ ብሎ «ኖር!» ይላል፤ የገባው «በእግዜር!» ይላል። ልጇን ለምትጠብቅ እናት ከዚህ የበለጠ ምን ይነገራት?

እትዬ ወለቴ ተነሣች። ወደ በሩ ዞረች። ያን ፊቷን እስከ ዛሬ ልረሳው አልቻልኩም፤ ያን ያህል ደስታ ሰው ፊት ላይ አይቼ አላውቅም።

«ኖር!» አለች፤ ድምፅዋ ጥርት ብሎ። «ኖር ልጄ!»

በሩ ክፍት ነው። ከውጭ ፀሐይ አለ፤ አንድ ዘበኛ ቆሟል። የገባ ሰው የለም።

«በእግዜር» የሚል ጠፋ።

ጥቂት ጠበቀች። ከዚያ የኛን ፊት አየች፤ አንድ በአንድ። ዳኛው መሬት መሬቱን ያያል። አባ መስቀላቸውን ግንባራቸው ላይ ጭነዋል። የኔን ስታይ ዓይኔን አላሸሸሁባትም፤ ግን እንባዬ ይፈስ ነበር።

«ምነው?» አለች። «ባቡሩ ዘገየ?»

ያን ጊዜ ዐስሊ ከበሩ አጠገብ ተነሥታ በመካከላችን አልፋ መጣች። ሁለት እጇን ያዘቻት።

«ወለቴ፣ እህቴ፣ አላህ ወስዶታል። ወልዴ ሞቷል።»

ልቧ አልቆመም። ያን ሁሉ ቀን ይቆማል ተብሎ የተፈራው ልብ አልቆመም።

«መቼ?»

«የጥምቀት ሰሞን።»

ጎንበስ ብላ ነጭ ቀሚሷን አየች። እጇን ከዐስሊ እጅ ሳታወጣ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረች። «ልጄ አፈር ውስጥ ሆኖ ነው እልል ስል የሰነበትኩት?» አለች። «ሰምታችሁኝ ዝም አላችሁ?»

ከዚያ ፈረንሳዊውን አየችው።

«ዐብዱላሂ፣ ቀብሩ ላይ ነበርክ ወይ በለው።»

ዐብዱላሂ እያለቀሰ ጠየቀው። «ነበርኩ ይላል፣ እማማ።»

«ማን አለቀሰለት?»

ሰውዬው ጥያቄውን ዐብዱላሂን አስደገመው። ከዚያ ቀስ ብሎ መለሰ።

«ብዙ ሰው ነበር ይላል። ትልልቅ ሊቃውንት። ልክ እንደ አሁኑ… ቆመውለት ነበር ይላል፣ ዝም ብለው።»

«ዝም ብለው?»

«አዎ።»

«ወየው ያለለት የለም? ስሙን የጠራለት የለም?»

ይህን ዐብዱላሂ አልተረጎመውም። ራሱን ብቻ ነቀነቀ።

እትዬ ወለቴ ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ አዘቀዘቀችው። እንግዳው ሳጥኑን ዘረጋላት፤ አላየችውም።

«ተቀመጡ» አለች። «ልጄ አልተለቀሰለትም።»

ገዥው ዳኛውን አዩት፤ ዳኛው ቀና አላለም። ገዥው ተቀመጡ። ሁላችንም ተቀመጥን። ፈረንሳዊው ከነሳጥኑ ቆሞ ቀርቶ ነበር፤ ዐብዱላሂ ክንዱን ይዞ አስቀመጠው። እሷ ብቻ ቆማ ቀረች። ከዚያ ጀመረች።